ያለ እጅ የሚዞር ዘንግ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዑምኩልሱም ፊት ስለ ሞተር ማውራት የሚደፍር ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ጠብ ፈላጊ ነው። ሴትዮዋ መኪና የላትም፣ ወፍጮም የላትም። ያላት ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ዳር የተተከለ፣ ከቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ የነዳጅ በርሜል ነው። በርሜሉ ውስጥ ከሰል ይነድዳል፤ ከከሰሉ በላይ ስድስት ዶሮ የተሰካበት ረጅም ዘንግ ይዞራል። የእሷን ዶሮ ለመብላት ሾፌሮች ከመርሳ ጀምረው ሆዳቸውን ባዶ ይዘው ይመጣሉ ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ እሷ ግን ታምነዋለች።

ዶሮ ደግሞ ከሰል ላይ ሲዞር መቆም የለበትም። ለአፍታ ከቆመ ከታች ያለው ጎኑ ያርራል፣ ከላይ ያለው ጥሬ ይቀራል፣ ስቡም ባንድ በኩል እየተንጠባጠበ እሳቱን ያስነሳዋል። ስለዚህ አንድ ሰው እጀታውን ይዞ፣ ጭሱን እየጠጣ፣ ለምሳ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ ገበያው እስኪያባራ ድረስ ሲያዞር ይውላል። ባሏ ዘይኑልአቢዲን በሞተ በወሩ ሥራውን የጀመረችው ዑምኩልሱም ይህን እጀታ ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን አዙራዋለች። አንድም ቀን ሞተር ይኑረኝ ብላ አታውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ከተማው እግሬ አውጪኝ ሲል እሷም ልጇን ሰሚሃን ይዛ በእግሯ ወደ አምባሰል ገጠር፣ ወደ ዘመዶቿ ወጣች። አንዱ ቁልቁለት ላይ ወደቀችና ቀኝ ትከሻዋ ወለቀ። ወጌሻ መለሰው፤ እንዴት አድርጎ እንደመለሰው አላህ ይወቅለት፣ ከዚያን ቀን ወዲህ እጇ ከደረቷ በላይ አልነሣ አለ። ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ የቤቱ በር ተገንጥሏል፣ ድስቱም ፍራሹም ዶሮዎቹም የሉም። በርሜሉ ብቻ ቦታው ላይ ቆሟል። «ዘራፊ እንኳ ናቀው!» እያለች ትስቅበት ነበር። ያኔ ገና መሳቅ ትችል ነበር።

እጀታውን ሰሚሃ ያዘች። ማን ሊይዘው ኖሯል?

ሰሚሃ አንድ ልጇ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ደግ ዘመን ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ዩኒቨርሲቲ በገባች፤ መጀመሪያ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ቀጥሎ በጦርነቱ ተዘጋ፣ ሲከፈት ደግሞ መስኮቱ የረገፈ፣ ወንበሩ ለማገዶ የዋለ ሆኖ ተገኘ። የመልቀቂያ ፈተናው ጥቅምት ላይ ደሴ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይሰጣል ተባለ። ዑምኩልሱም ራሷ ከአራተኛ ክፍል ተነሥታ የተዳረች ሴት ናት። ዳስ ውስጥ ተቀምጣ እንኳ የእንግሊዝኛ ደብተሯ ማን እጅ እንደገባ ስታስብ እንደነበር ለሰሚሃ ብዙ ጊዜ ነግራታለች። በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይህች ልጅ ያንን ፈተና ተፈትና ስታልፍ ማየት ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የላትም።

ልጅቱ ግን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን አስቀምጣ እጀታ ትይዛለች። የፊዚክስ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ በአንድ እጇ ታዞራለች፣ በአንድ እጇ ትገልጣለች። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ሲቆይ እጇ ይዘገይና ዶሮ ያርራል፤ ዓይኗ ዶሮው ላይ ሲሆን ደግሞ መጽሐፉ እንደተገለጠ ይቀራል። መጽሐፉ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። ሰው አትቀጥሪም ወይ ያላትም አልጠፋም። ቀጥራ ነበር። አንደኛው እያዞረ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሁለተኛው ስልክ በጮኸ ቁጥር እጀታውን ለቆ «ሄሎ» ይላል። ስንት ዶሮ ለውሻ እንደተጣለ እሷና ውሾቹ ናቸው የሚያውቁት።

«ሞተር ግጠሚበትና ገላግይው» ያላት ኑርዬ ነው። ኑርዬ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ባጃጅ ነጂ፣ የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው ነው። የማያውቀው ነገር የለም የሚለው ራሱ ነው እንጂ ሌላ ሰው ሲለው ተሰምቶ አያውቅም።

«ምን ዓይነት ሞተር?» አለችው።

«ሞተር ሞተር ነው እት ኩልሱም። ዋናው መዞሩ ነው። አብሽሪ፣ ለኔ ተዪው።»

ተወችለት። ይህ የመጀመሪያው ስሕተቷ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከአንድ አሮጌ የአየር ማራገቢያ የፈታውን ሞተር ይዞ መጣ። እጀታውን ነቅሎ ሞተሩን ከዘንጉ ጫፍ ጋር በሽቦ ጠፍሮ አሠረው። መጀመሪያ ሁለት ዶሮ ብቻ ሰክተው ይሞክሩት ተባለ። የሞተሩን ገመድ ሶኬት ውስጥ ሲሰካው ዶሮዎቹ በሕይወት ሳሉ እንኳ እንደዚያ አልሮጡም። የተቀቡት በርበሬና ዘይት በአራቱም ማዕዘን ተረጨ፤ ከጁምዓ ሰላት የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ነጭ ጀለቢያቸው ከደረታቸው እስከ ጉልበታቸው ቀላ። ዑምኩልሱም ሽማግሌውን ይቅርታ ስትለምን ኑርዬ «ጭነት ስላነሰው ነው» ብሎ ስድስቱንም ሰካበት። ሞተሩ እምምም አለ። አልዞረም። እምምም ማለቱን ቀጠለና የተቃጠለ ፕላስቲክ መሽተት ጀመረ፤ ወዲያውም የሰፈሩ መብራት ጠፋ። መብራቱ በሞተሩ ይጥፋ በራሱ ይጥፋ አልታወቀም፤ ያን ሰሞን ለመጥፋት ምክንያት አይፈልግም ነበር። ጎረቤቱ ግን ለሁለት ቀን ያህል በነገር ሲወጋት ሰነበተ።

ሰሚሃ እጀታውን መልሳ ገጠመችና ማዞሯን ቀጠለች።

ኑርዬ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ቢሆን ጥሩ ነበር። በሳምንቱ ከባጃጅ የወጣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ይዞ ከች አለ። «ይኼ ቀርፋፋ ነው፣ በባትሪ ነው የሚሠራው፣ መብራት ኖረ አልኖረ ምን ገዶሽ» አላት። ነገሩ ደስ አላት። ገጠመው፣ ሦስት ዶሮ ሰካ፣ ሽቦውን ከባትሪው አገናኘ። ዘንጉ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ። ዑምኩልሱም «አልሐምዱሊላህ» ለማለት አፏን ስትከፍት ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ አሰበበትና ወደ ግራ ተመለሰ። እንደገና ወደ ቀኝ። እንደገና ወደ ግራ። ለካስ የባጃጅ መጥረጊያ ሞተር መስታወት ለመጥረግ የተሠራ ነውና ከመመላለስ በቀር ሌላ አያውቅም። ሦስቱ ዶሮዎች አሥር ደቂቃ ሙሉ ለአላፊ አግዳሚው እጅ ሲነሱ ቆዩ። ሆዳቸው ከሰል መሰለ፣ ጀርባቸው እሳት ሳያይ ቀረ። አንድ ሚኒባስ ሙሉ መንገደኛ መስኮቱን ከፍቶ በስልኩ ቀረጻቸው።

ሰው ሁሉ ሲስቅ ዑምኩልሱም አልሳቀችም። በጭሱ ውስጥ ሰሚሃ ጎንበስ ብላ እጀታውን ስትፈልግ አየቻት። ኑርዬን ባጃጁ ድረስ አባረረችው። «ሁለተኛ ሞተር ይዘህ ብትመጣ በዘንጉ ነው የምልህ!» አለችው። ቀኑን ሙሉ ሳትቀመጥ፣ ውሃ ሳትቀምስ፣ ያገኘችውን ሁሉ ስትቆጣ ዋለች። ከሰሉን ሳይቀር ተቆጣችው።

አመሻሹ ላይ ሰሚሃ ናት ወሬውን ያነሣችው።

«እማ፣ ጥፋቱ አመራረጡ ላይ ነው እኮ» አለች እጀታውን ሳትለቅ። «የሚሮጥ ሞተር ምን ይሠራልናል? ቀርፋፋና ጉልበተኛ ነው የምንፈልገው። የከባድ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ብናገኝ ይሆናል።»

«ደግሞ መጥረጊያ! እንደ ባጃጁ ሊመላለስ?»

«የባጃጁ ውስጡ ነው የሚመላለሰው። የከባድ መኪናው ሞተር ዙሪያውን ነው የሚዞረው፣ የሚመላለሰው ከውጭ ያለው ክንድ ነው። ክንዱን ፈትተን እንጥላለን። እሱ ደግሞ ለሃያ አራት ቮልት የተሠራ ነው፤ በአሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ ብናስነሣው ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከዚያ በብስክሌት ካቴና ከዘንጉ ጋር እናገናኘዋለን። ትንሹን ጥርስ ሞተሩ ላይ፣ ትልቁን ጥርስ ዘንጉ ላይ ካደረግነው ይበልጥ ይዘገያል፤ ከፍጥነቱ የቀነስነው በጉልበት ይመለስልናል።»

ዑምኩልሱም ከዚህ ሁሉ የገባት ብስክሌት የሚለው ብቻ ነው። ደስታዋ ግን ልክ አልነበረውም። ይህች ልጅ ፈተና ካልተፈተነች ማን ሊፈተን ነው አለች በልቧ። ትከሻዋን ረስታ እጇን ልታነሣ ሞከረችና ሕመሙ መለሳት።

ሞተሩ የሚገኘው ደሴ፣ አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። በጦርነቱ የተቃጠሉና የተመቱ መኪኖች ተፈታተው እዚያ ተከምረዋል። ማን ይሂድ ሲባል ሰሚሃ «እኔ እሄዳለሁ፤ የኑርዬን ምርጫ አየነው» አለች። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ባዶ እጇን ተመለሰች። «አልተገኘም» አለች። በሳምንቱ እንደገና ሄደች፤ ያገኘችው የተቃጠለ እንደነበረ ነገረቻት። ልጅቱ ደሴ በዋለችበት ቀን ዑምኩልሱም በግራ እጇ ታዞራለች። ግራ እጅ ይህን ሥራ አያውቀውም፤ ያሳርራል፣ ያቋርጣል፣ ደንበኛ ያስቀይማል። «አንድ ሞተር ለማምጣት ሦስት ጊዜ ደሴ! ሞተሩን እዚያው እየወለዱት ነው እንዴ?» እያለች ለጎረቤቷ ለአሚናት ታማርር ነበር። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ሰሚሃ አንድ ጆግ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ከባድ ብረት በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ጠረጴዛው አቃሰተ። ዑምኩልሱም ሞተሩን በእጇ ዳበሰችው፤ እንደ በግ።

የሚገጥመው ባዬ ነው። የባዬ ብየዳ ቤት ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከበርሜሉ ፊት ለፊት ነው። ከሟቹ ባሏ ጋር በልጅነታቸው ሐይቁ ውስጥ አብረው ዓሣ ሲያጠምዱ ያደጉ ናቸው፤ መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር። ሆኖም ባዬ ክርስቲያን ነውና የዑምኩልሱምን ዶሮ አንድም ቀን ቀምሶ አያውቅም፤ እሷም የእሱን ቤት ሥጋ። ሥጋ ሲሆን ቢላው ለየብቻ ነው። በሠርግም ቢሆን በሐዘን፣ ለእስላሙ በእስላም እጅ፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል፣ ድስቱም ጭልፋውም ይለያል። በዚህ የሚቀየም ሰው የለም። የሚሳሳትም የለም፤ ባዬ እስኪሳሳት ድረስ።

በርሜሉን ተሸክመው ወደ ብየዳ ቤቱ አሻገሩት። ሥራው የሦስት ቀን ነው ተብሎ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ብየዳው ሲጀመር መብራት ይጠፋል፣ መብራቱ ሲመጣ ካቴናው አጠረ ይባላል፣ ካቴናው ሲገኝ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ሰፋ ይባላል። ዑምኩልሱም በቀን አራት ጊዜ አስፋልቱን ትሻገራለች።

«ነገ ያልቃል ኩልሱሜ» ይላታል ባዬ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«የትኛው ነገ? ትናንትና ያልከኝ ነገ ነው ወይስ ሌላ?»

«ኧረ አትቆጪ። ሥራው ነው።»

«ልጄ እኮ ፈተና አለባት ባዬ! አንተ ካቴና ስትለካ ፈተናው እየደረሰ ነው!»

ዐረፋ ዋለ። በሦስተኛው ቀን፣ የሐዋርያት ጾም በተፈታበት ዕለት፣ ዑምኩልሱምና ሰሚሃ አምባሰል ገጠር የአጎቷ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ከመሄዷ በፊት ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆማ ያለችውን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፤ አንድ ሺህ ጊዜ ደግማዋለችና። «ባዶውን ዞረ ብለህ እንዳታምነው። የማራገቢያውም ጭነቱ ሲቀለው ዞሮ ነበር። ዶሮ ጭነህ ሞክረው» ነበር ያለችው።

ባዬም ዶሮ ጭኖ ሞከረው።

ከሰዓት በኋላ ከባጃጅ ስትወርድ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰው ከቦ ቆሟል። በሰው መሐል ገባች። በርሜሏ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ በላዩ ላይ አራት ዶሮ ተሰክቶ፣ ማንም ሳይነካው ይዞራል። ይዞራል! አይሮጥም፣ አይቆም፣ አይመለስ። ካቴናው ጥርሱን እየነከሰ ቀስ ይላል፣ ዶሮዎቹ ዙሪያቸውን እንደ ወርቅ ቀልተዋል፣ ስቡ እዚያው እላያቸው ላይ እየተንከባለለ ይቀባቸዋል። ስድስት ዓመት በእጇ ስታዞር እንዲህ ያለ ቅላት አላየችም። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያ አላህ» አለች፤ ዞር ስትል ባዬ ከጎኗ ቆሞ የዶሮ እግር ይግጣል።

የዶሮ እግር የሚግጠው ባዬ ነው። ባዬ!

«ባዬ» አለችው ቀስ ብላ። «በማን እጅ የታረደ ነው?»

የባዬ አፍ ሥራውን አቆመ። ወደ ዶሮው እግር አየ። ወደ ዘንጉ አየ። ወደ እሷ ለማየት ጊዜ ፈጀበት።

«በኔ» አለ። «የጾም መፍቻ... ቤት ታርዶ ነበርና... አንቺ ዶሮ ጭነህ አልሽኝ...»

«የኔን ዶሮ እንጂ!»

«ማርያምን አላሰብኩትም። ቀኑን ሙሉ እንዲዞርልሽ ብቻ ነው ያሰብኩት። ወላዲት አምላክን፣ ደስ ይበላት ብዬ ነው።»

ውሸት እንዳልተናገረ ታውቃለች፤ የባሰ ያቃጠላትም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ሰድባው ይወጣላት ነበር። ፊቱ እንደዚያ ከሰል መስሎ ቆሞ እያየችው ምን ትበለው? ከዳር የቆሙት መሳቅ ጀመሩ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፤ አንዱ ጎረምሳ «አብረን እንብላዋ!» ብሎ ጮኸ። ዑምኩልሱም መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለዘንጉ አልነበረም ያለቀሰችው። አንድ ነገር እንኳ እንደታሰበው የማይሆንበት ምን ዓይነት ዓመት ነው ብላ ነው።

ሸኹ ሲጠየቁ «ይታጠብ፣ በእሳት ይቃጠል፣ ይበቃል» አሉ። ለሸኹ በቅቷቸዋል፤ ለደንበኞቿ ግን አልበቃቸውም። ዘንጉ በአመድም በፈላ ውሃም ታጠበ፣ ግማሽ ቀን እሳት ውስጥ ዋለ፣ የሚበላው ግን የለም። ሁሉም ይመጣሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ «ዛሬስ በልቻለሁ» ይላሉ። ሆድ ፈትዋ አይሰማም። አንድ ሳምንት ሙሉ ራሷና ሰሚሃ ዶሮ በሉ።

ባዬ «በራሴ ወጪ ዘንጉንም በርሜሉንም አዲስ እሠራልሻለሁ» ብሎ ማለ። መማል ቀላል ነው። ለዘንግ የሚሆን ለስላሳ ብረት ከገበያ ጠፋ፤ ያልተወለገደ በርሜል ማግኘትም አንድ ወር ወሰደ። ነሐሴ ላይ ደግሞ በቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ተነሣ ተባለና ከተማው ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ በር በሩን ማየት ጀመረ። ዕቃ አይመጣም፣ ሾፌር አይቆምም። ሰሚሃ ከአሚናት ቤት በተዋሱት ማንደጃና ቀጭን ብረት ሦስት ሦስት ዶሮ እየሰካች ታዞር ነበር። እናትየው ልጇን ባየች ቁጥር ፈተናው የቀረውን ቀን ትቆጥራለች፤ ስልሳ፣ ሃምሳ፣ አርባ። «አብሽሪ እማ፣ ይደርሳል» ትላታለች ሰሚሃ። እውነትም ከእናቷ ይልቅ ለሞተሩ የምትጨነቀው እሷ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ መጀመሪያ የምትሄደው ባዬ ጋ ነው፤ «ጋሽ ባዬ፣ መቼ ያልቁታል?» እያለች መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣዋለች። ይህን ስታይ ዑምኩልሱም ልቧ ይሞላ ነበር። ልጄ ለመጽሐፏ ቸኮለች ትላለች።

መስከረም አጋማሽ ላይ ባዬ አዲሱን ዘንግ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ገበያ በደራበት ሰዓት፣ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ በአስፋልቱ መሐል ሄደ። ያላየው ሰው እንዳይኖር ብሎ ነው። «አዲስ ነው! ማንም አልነካውም! እኔም ዶሮ አላቀርብበትም!» እያለ ይጮህ ነበር። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ ዑምኩልሱም ራሷ ከስንት ወር በኋላ ሳቀች። ዘንጉን አዲሱ በርሜል ላይ ራሷ ቆማ አስገጠመችው። ስድስት ዶሮ በኑርዬ እጅ ታረደ፤ ኑርዬ ቢያንስ ይህን በደንብ ያውቃል። ሰሚሃ ሚዛናቸውን ጠብቃ፣ አንዱን ጡት ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያፈራረቀች ሰካቻቸው፤ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ካደላ ሞተሩ ይደክመዋል አለች። ሽቦውን አገናኘች።

ዞረ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። ዑምኩልሱም ለአፍታ ቆማ አየችና ወደ ልጇ ዞረች።

«በይ ተነሺ። እጅሽን ታጠቢና መጽሐፍሽን ያዢ። ወላሂ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ብረት ስትነኪ ባይሽ እንጣላለን።»

ሰሚሃ ግን አልተነሣችም። ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጣ እሱን እሱን ታያለች። ሞተሩን በእጇ ዳሰሰች፣ እንዳልጋለ አረጋገጠች። ካቴናውን አየች። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዶሮዎች ወርደው ሌሎች ስድስት እስኪሰኩ ድረስ እንዲሁ ጠበቀች። ከዚያ ገብታ እጇን ታጠበችና ተመልሳ ወጣች። የያዘችው መጽሐፍ አልነበረም፤ ቢጫ የፕላስቲክ ማኅደር ነው።

«እማ» አለች። «ሰኞ ነው የምሄደው።»

«የት?»

«ሪያድ። በኤጀንሲ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ። ሁሉም አልቋል።» ማኅደሩን ከፈተችው። ፓስፖርቱን እናትየው አየችው፤ ፎቶው ላይ ልጇ ሻሿን ወደ ኋላ አድርጋ ታያታለች።

«መቼ... መቼ ነው ይኼን ያወጣሽው?»

«ደሴ የሄድኩ ጊዜ። ሞተሩን የመጀመሪያው ቀን ነው ያገኘሁት እማ። ቀብድ ሰጥቼ ሰውየው ጋ ተውኩት። አንዱን ቀን ለፓስፖርት አሻራ ነበር የሄድኩት፣ አንዱን ቀን ለጤና ምርመራ። ደሴ መመለሻ ሰበብ እንዳላጣ ብዬ መጨረሻ ላይ ወሰድኩት።»

ዑምኩልሱም ፓስፖርቱን መልሳ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው።

«ፈተናውስ?»

«በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ወር ተማርን? አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አልፋለሁ ብዬ አላውቅም። ባልፍስ? የሰፈራችን ልጅ ሙሉአለም በዲግሪ ተመርቃ የት ነች? ቤቷ ተቀምጣ ወንድሟ ላይ ነው የምትኖረው። ክረምት ላይ እኮ ነው ሁሉም ያለቀው፤ የመሄጃዬን ቀን ሁለት ጊዜ አስተላለፍኩት። በዚያ ትከሻሽ እጀታ አስይዤሽ ልሄድ አልቻልኩም። ሞተሩ እስኪሠራ ነው የቆየሁት። አሁን ሠራ።»

አሁን ሠራ። ዑምኩልሱም ወደ ዘንጉ ዞረች። ዘንጉ ይዞራል፤ እጅ አይፈልግም፣ ሰው አይፈልግም። ለወራት ከኑርዬ የተጣላችለት፣ አስፋልት ዳር ተቀምጣ ያለቀሰችለት፣ በሰላት የለመነችው ነገር ይኸው እፊቷ ይዞራል። ልጇን ከእሳቱ ዳር እንዲያነሣላት ነበር የለመነችው። አነሣላት። በአላህም በባዬም በራሷም ላይ እኩል ተናደደች። ጎንበስ አለችና በደኅናው እጇ ባትሪው ላይ ያሉትን ሁለቱን ሽቦዎች ባንድ ላይ ጎትታ በጠሰቻቸው።

ዘንጉ ቆመ።

«ይኸው ተበላሸ» አለች። «አልሠራም። እንደ ሌሎቹ ነው። አትሄጅም።»

ስቡ በአንድ በኩል መንጠባጠብ ጀመረ፤ እሳቱ ተነሣና የዶሮዎቹን ሆድ ላሰው። «እት ኩልሱም፣ ኧረ አረረ!» አለ ከሾፌሮቹ አንዱ። ዑምኩልሱም አልተንቀሳቀሰችም። ይረር፣ ሁሉም ይረር ብላለች በልቧ፤ ቢያርር ልጅቱ እጀታ ልትፈልግ እንደ ድሮው ጎንበስ ትል ይሆናል ብላለች።

ሰሚሃ ማኅደሩን ወንበር ላይ አስቀመጠችና ባትሪው አጠገብ ተንበረከከች። የሽቦዎቹን ጫፍ በጥርሷ ላጠች።

«እማ፣ ነይ እይው» አለች። «ቀዩን በዚህ ነው የምታስሪው። ጥቁሩን በዚህ። ካቀያየርሽው ወደ ኋላ ይዞራል፣ እንዳትደነግጪ፤ አይጎዳም። ካቴናውን በሳምንት አንዴ ዘይት አጠጪው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ለኑርዬ እንዳታስነኪው። እይው እንጂ።»

«አላይም» አለች ዑምኩልሱም፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ እማ። ቀዩ በዚህ።»

«አላይም ብያለሁ።»

ከኋላዋ ካቴናው መንቀሳቀስ ጀመረ።